የአባት ገበናና የልጆች አደራ

በአገራችን ሰው ሲሞት ከመቀበሩ በፊት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ከሕዝቡ ፊት ይቆምና የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። የተወለደበት ዘመንና ቦታ፥ የአባቱና የእናቱ ስም፥ የተማረበት ትምህርት ቤት፥ ያገለገለበት መሥሪያ ቤት፥ የወለዳቸው ልጆች ቍጥር በየተራው ይነገራል። ከዚያም ደግ፥ ሃይማኖተኛ፥ ለጋስ፥ ሰው አክባሪ እንደ ነበረ ይዘረዘርና «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» በሚል ዐረፍተ ነገር ይደመደማል። እኛ በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች ይህን ወረቀት እንድንጽፍ ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን፤ ብዙ ጊዜም ጽፈናል። ጽፈን ስናበቃ ግን አንድ ጥያቄ በልባችን ይቀራል። የጻፍነው በእውነት የዚያ ሰው ታሪክ ነውን? ወይስ ስሙን ብቻ እየለወጥን ለማንም ልናነበው የምንችል ወረቀት ነው?

ጥያቄው ሲጠልቅ ወደ ግብረ ገብ ይደርሳል። የምንወደውንና የምናከብረውን አባት ስናስታውስ የምንከፍለው ዕዳ ምስጋና ነው ወይስ እውነት? ሁለቱ ባንድ መንገድ የሚሄዱ ሲሆኑ ችግር የለም። ሁለቱ የተለያዩ በሚመስሉበት ጊዜ ግን፥ ይኸውም አባት ደክሞ፥ ታሞ፥ አእምሮው ተናውጦ የኖረበት ዘመን ሲኖር፥ ልጆች የትኛውን ይምረጡ?

ይህ ጥያቄ ከመጻሕፍት አልመጣብንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዘመዶቻችን አንድ ሽማግሌ ዐረፉ። ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት የነበረ፥ የተጣላ የሚያስታርቁ፥ ትልቅ ቤተ ሰብ ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት ግን አእምሯቸው ደከመ። የልጆቻቸውን ስም ረሱ፤ በሌሊት ተነሥተው «ቤቴ እሄዳለሁ» እያሉ ከገዛ ቤታቸው ለመውጣት ይታገሉ ነበር። የበኵር ልጃቸው ሥራዋን ትታ ስድስቱን ዓመት እያጐረሰች፥ እያጠበች፥ በሌሊትም እጃቸውን ይዛ ወደ አልጋቸው እየመለሰች አኖረቻቸው። የሕይወት ታሪካቸውን እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ለክብራቸው ብለን ስድስቱን ዓመት «ባደረባቸው ሕመም» በሚሉ ሁለት ቃላት አለፍናቸው። ሕዝቡም ወረቀቱን አመሰገነ። ከቀብር መልስ ያቺ ልጅ ቀረብ አለችና «ወንድሜ፥ ሁሉንም ደኅና አድርገህ ጽፈኸዋል፤ ስድስቱን ዓመት ግን የት አደረስኸው?» አለችን። በዚያ ጊዜ የምንመልሰው አጣን። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ነገሩን ለመመርመር የምንወስደው ምሳሌ ከሩቅ አገር ነው። የቤተ ሰቡ ደብዳቤና ትዝታ በመጽሐፍ ታትሞ ለዓለም ስለ ተገለጠ ማንንም ሳናሳዝን ልንነጋገርበት እንችላለን። ሰውየው ሉዊ ማርታን ይባላል፤ በትውልዱ ፈረንሳዊ፥ በሃይማኖቱ ካቶሊክ፥ በሞያው ሰዓት ሠሪ ነበር። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሉዊ ማርታን በ1823 በቦርዶ ከተማ ከወታደር መኰንን ተወለደ፤ ያደገው ግን በኖርማንዲ ክፍል በምትገኘው በአላንሶን ነው። በወጣትነቱ መነኵሴ ለመሆን አስቦ በአልፕስ ተራራ ላይ ወዳለው ወደ ቅዱስ በርናርዶስ ገዳም ሄደ፤ ነገር ግን የላቲን ቋንቋ አላጠናህም ብለው መለሱት። ተመልሶም በተማረው የሰዓት ሥራ በ1850 በአላንሶን ሱቅ ከፈተ። እሑድ ለንግድ መልካም ቀን ነውና ክፈት ቢሉትም ሰንበትን ሽሮ ሱቁን መክፈት እንቢ አለ። በ1858 ዜሊ ጌራን የምትባል ዳንቴል ሠሪ አገባ። እርስዋም እንደ እርሱ ገዳም ለመግባት ፈልጋ ያልተቀበሏት ሴት ነበረች። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ ወንዶችና ሁለት ሴቶች በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ አምስት ሴቶች ልጆች አደጉላቸው። የሚስቱ የዳንቴል ንግድ እየሰፋ በሄደ ጊዜ ሉዊ በ1870 የሰዓት ሱቁን ለእኅቱ ልጅ አስተላልፎ የእርስዋን ሥራ የሚረዳ ሆነ። በዚያ ዘመን ይህን ለማድረግ ትሕትና የሚያስፈልግ መሆኑን አንባቢ ይመዝነው።

በ1877 ዜሊ በጡት ነቀርሳ በ45 ዓመቷ ሞተች። ሉዊ በ54 ዓመቱ ከአምስት ሴቶች ልጆች ጋራ ብቻውን ቀረ፤ የመጀመሪያዪቱ 17፥ የመጨረሻዪቱ 4 ዓመቷ ነበር። ልጆቹ የእናት ዘመድ እንዳይለያቸው ብሎ ወዳጆቹንና የለመደውን ከተማ ትቶ የሚስቱ ወንድም ወደሚኖርበት ወደ ሊዝዩ ተዛወረ። የመጨረሻዪቱ ልጅ ተሬዝ ትባል ነበር፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ ካቶሊኮች የሊዝዩዋ ቅድስት ተሬዝ ብለው የሚጠሯት ናት። አባቷ ዓሣ ለማጥመድ ሲሄድ ይዟት ይሄድ ነበር፤ እርሱ «ንግሥቴ»፥ እርስዋም «ንጉሤ» እየተባባሉ ይጠራሩ ነበር።

ልጆቹ ግን አንድ በአንድ ከቤት ወጡ። ፖሊን በ1882፥ ማሪ በ1886 ወደ ሊዝዩ የቀርሜሎስ ገዳም ገቡ። በ1887 ተሬዝ በ14 ዓመቷ ገና ልጅ ሳለች እኔም ልግባ ብላ ለመነችው። አባትዋም አለቀሰ፥ ፈቀደም። በቅጥሩ ላይ ከበቀለች ትንሽ ነጭ አበባ ጋራ ልጁን አነጻጽሮ አበባዪቱን ከነሥሯ ነቅሎ እንደ ሰጣት እርስዋ ራስዋ ጽፋለች። በሚያዝያ 1888 ገዳም ገባች።

የሉዊ ማርታንን ታሪክ እዚህ ላይ ብናቆም ለቀብር የሚነበብ መልካም ወረቀት ይሆናል። ታማኝ ነጋዴ፥ ሰንበት አክባሪ፥ ሚስቱን የረዳ ባል፥ የሚወዳቸውን ልጆች ለአምላኩ የሰጠ አባት። የቀረውን «ባደረበት ሕመም» ብለን ልናልፈው እንችላለን። የቀረው ግን ይህ ነው።

በ1887 አንድ ጊዜ አካሉን የሚያሰንፍ ሕመም መታው። በ1888 ሰኔ ላይ ለማንም ሳይናገር ከቤቱ ጠፋ፤ ልጆቹ በጭንቀት ሲፈልጉት ከቀናት በኋላ በለ አቭር ወደብ ተገኘ። አእምሮው አንዳንዴ ሲበራ፥ አንዳንዴ ሲጨልም ቆይቶ በፌብርዋሪ 12 ቀን 1889 በካን ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ተወሰደ። በዚያም ከሦስት ዓመት በላይ ኖረ። ተሬዝ ገዳም ከገባች ገና ዓመት አልሞላም ነበርና የከተማው ሰው ማማት ጀመረ፤ አባታቸውን ያሳበዱት ልጆቹ ናቸው፥ የሚወዳትን ልጅ ስለ ነጠቁት ነው ተባለ። ከገዳም ያልገቡት ሴሊንና ሌዮኒ በመጀመሪያው ወራት እዚያው ካን ተቀምጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዲያዩት ይፈቀድላቸው ነበር። በ1892 እግሮቹ ሽባ ሆነው ወደ ሊዝዩ ተመለሰ። ሴሊን እስከ ሞቱ ድረስ አስታመመችው። በጁላይ 29 ቀን 1894 በ70 ዓመቱ ዐረፈ። ሴሊን ገዳም የገባችው አባቷን ከቀበረች በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጆቹ ስለዚህ ዘመን ምን አደረጉ? አባታቸው ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ የገዳሙ እመምኔት የነበረችው እኅቷ ፖሊን የልጅነት ትዝታዋን እንድትጽፍ ተሬዝን አዘዘቻት። ጽሑፉ ተሬዝ ከሞተች ከአንድ ዓመት በኋላ በ1898 ታተመ። በዚያ መጽሐፍ የአባቷ ሕመም አልተደበቀም። ሕፃን ሳለች አባቷ ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ቀን አባቷን የሚመስል፥ ነገር ግን የጐበጠና ራሱን የተከናነበ ሰው በአትክልቱ ቦታ ሲያልፍ እንዳየች ትተርካለች። ከብዙ ዓመታት በኋላ አባቷ በታመመ ጊዜ ራሱን መከናነብ ልማዱ እንደ ሆነ በሰማች ጊዜ የዚያ ነገር ትርጕም ገባት። እነዚያን የመከራ ዓመታት እንደ ቤተ ሰቡ ውርደት ሳይሆን እንደ ሀብቱ ቈጠረቻቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ2015 ሉዊንና ዜሊን ባንድነት ቅዱሳን ብላ በሰየመች ጊዜ ባልና ሚስት ባንድ ላይ ሲሰየሙ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ፤ ሦስቱ ዓመታት ከታሪኩ አልተፋቁም።

ከዚህ በመነሣት አስተያየታችንን እንገልጻለን። የአባትን የድካም ዘመን ከመታሰቢያው መሠረዝ ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎችን ይበድላል።

በመጀመሪያ የሚበደለው ሟቹ ራሱ ነው። ሰው የሠራውን ብቻ ሳይሆን የተሸከመውንም ነው። ሥራውን ብቻ ቈጥረን ሕመሙን ብንተው፥ መሥራት ባልቻለበት ቀን ሰውነቱ አበቃ እንደ ማለት ይሆናል። ስለ ሉዊ ማርታን እንደሚነገረው በሕሙማን ቤት ሳለ አእምሮው በበራለት ጊዜ፥ ዕድሜውን ሁሉ ውርደት ያልቀመሰ ሰው ነበርና ይቀምሰው ዘንድ ይህ እንደ መጣበት ተናግሯል። ሱቅና ቤት ያስተዳደረ፥ በከተማው የተከበረ ሰው ይህን ሊናገር የቻለው በዚያ ቤት ሆኖ ነው። የሕሙማኑን ቤት ብንሠርዝ ይህንም ቃል አብረን እንሠርዛለን።

ሁለተኛ የሚበደለው ያስታመመው ሰው ነው። የሽማግሌው ድካም ሲደበቅ የአስታማሚዋም ድካም አብሮ ይደበቃል። ለአንድ ቀን የታቦት ማኅበር የደገሰ ሰው ስሙ ሲነሣ፥ ስድስት ዓመት ያጐረሰች ልጅ ስሟ «ልጆች አፍርተዋል» በሚለው ቍጥር ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ይህ ፍርድ ነውን? እኛ ወረቀቱን በጻፍን ጊዜ ለሽማግሌው ክብር የቆምን መስሎን ነበር፤ በእውነቱ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከተሠራው ሥራ ሁሉ የሚበልጠውን ሠርዘን ነበር። የልጅቱም ጥያቄ ምስጋና ፍለጋ አልነበረም። ስድስቱ ዓመት እንዳልነበረ ሆኖ ቢቀር እርስዋም በዚያ ዘመን እንዳልነበረች ይሆናልና።

ሦስተኛ የሚበደለው ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ነው። ከለቅሶኞቹ መካከል ስንቱ በቤቱ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ይኖረው ይሆን? ነገር ግን እያንዳንዱ በጓዳው ደብቆ ስለሚይዝ መከራው በእርሱ ቤት ብቻ የወረደ ይመስለዋል። ጐረቤት እንዳይሰማ በር ይዘጋል፤ እርግማን ነው፥ ያደረበት መንፈስ ነው እየተባለም ይንሾካሾካል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ማለታቸው ስለ ታማሚው ብቻ አይደለም፤ ስለ አስታማሚውም ነው። ድካሙን ያልተናገረ ቤተ ሰብ አጋዥም አያገኝም። ከአንድ ወረቀት የተነበበች አንዲት እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ብዙ የተዘጋ በር ልትከፍት ትችላለች።

በዚህ ላይ አንባቢ ብርቱ መቃወሚያ ሊያመጣብን ይችላል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚለው ያገራችን ቃል ከንቱ ነውን? የአባትን ገበና መክደንስ የልጅ ግዴታ አይደለምን? መጽሐፍ ቅዱስም ኖኅ በወይን ጠጅ ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቍቱን በወደቀ ጊዜ የሆነውን ይነግረናል። ካም አይቶ በውጭ ለወንድሞቹ ነገራቸው፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው ወደ ኋላቸው እየሄዱ የአባታቸውን ዕራቍትነት ከደኑ። በረከትም ለከደኑት ሆነ።

ይህን መቃወሚያ በቀላሉ አናልፈውም፤ እውነት አለበትና። ነገር ግን ታሪኩን አስተውለን እናንብበው። ሴምና ያፌት አባታችን አልወደቀም አላሉም። ወደ ድንኳኑ ገቡ፤ ልብሱን ተሸከሙ፤ ከደኑት። መክደን ወደ ታመመው መቅረብ ነው፤ መካድ ግን ከታመመው መራቅ ነው። ካምም የተነቀፈው እውነትን ስላወቀ አይደለም፤ አይቶ ሳይከድን፥ ሳይረዳ፥ በውጭ ወሬ ስላደረገው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን እናስተውል፤ የከደኑትን የሚያመሰግነው ያው መጽሐፍ የኖኅን መውደቅ ጽፎ ለትውልድ አስተላልፏል። ጽድቁን እንደ መሰከረለት ሁሉ ድካሙንም አልሸሸገም። የልጆቹም ፍቅር የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። መውደቁ ባይጻፍ ኖሮ ልብሱም ባልተጻፈ ነበር።

ተሬዝም ያደረገችው እንዲሁ ነው። አባቷ በሕመሙ ጊዜ ራሱን ይከናነብ እንደ ነበር ነገረችን፤ መከናነቢያውን ግን አልገፈፈችም። አእምሮው በጨለመበት ሰዓት ምን እንደ ተናገረ፥ በምን ነገር እንዳሳፈረ እየዘረዘረች አልጻፈችም። መከናነቢያ እንደ ነበረ መናገር ሌላ ነው፤ መከናነቢያውን መግፈፍ ሌላ ነው። ገበና ከታች የምንለው ሰው የመጀመሪያውን ሲያደርግ ሁለተኛውን የማያደርገውን ነው።

ደግሞም ሕመምና ጥፋት አንድ አለመሆናቸውን መለየት ይገባል። ሕመም ነውር አይደለም፤ ስለዚህ በአክብሮት ሊነገር ይችላል። ጥፋት ግን፥ ሟቹ ሰው በድሎ እንደ ሆነ፥ በቀብር ቀን የሚዘረዘር አይደለም፤ ሙት መውቀስን የሚከለክለው ያገራችን ቃል እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፤ የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልምና። ቢሆንም የተበደለው ሰው በዚያው ለቅሶ ላይ ቆሞ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ ያልሰጠውን ለጋስ፥ ያላስታረቀውን አስታራቂ ብለን ልናነብ አይገባንም። በሙታን ፊት ዝም ማለት ይፈቀዳል፤ መዋሸት ግን አይፈቀድም።

እንግዲህ የምንወደውን ሰው ታሪክ ለመጻፍ ብዕር በምናነሣበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል። ይህን ነገር እርሱ በሕይወት ሳለ፥ አእምሮውም ሙሉ ሳለ፥ በፊቱ ተቀምጠን በፍቅር ልንነግረው እንችል ነበርን? የሚሰማው ሰው ይህን በሰማ ጊዜ ሟቹን የበለጠ ይወደዋል ወይስ ይንቀዋል? ይህን ብንተወው አብሮ የሚሠረዝ የማን ስም ነው? ለፊተኛው አዎን፥ ለሁለተኛው ይወደዋል የሚል መልስ ካገኘን፥ ለሦስተኛውም የሚጠራ ስም ካለ፥ ነገሩ ሊጻፍ ይገባዋል።

ይህ ጕዳይ የለቅሶ ቤት ጕዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ወጣቶች ሽማግሌን የሚያከብሩት በምን ምክንያት እንደ ሆነ ከእኛ ይማራሉ። ጠንካራውን፥ የሚያዝዘውን፥ የሚሰጠውን አባት ብቻ እያመሰገንን ብናሳድጋቸው፥ አባት በደከመበት ቀን የሚያከብሩት ነገር ያጣሉ። የደከመውንም አባት በስሙ ጠርተን፥ ያስታመሙትንም አመስግነን ብናስተምራቸው ግን ነገ የእኛ ቀን ሲደርስ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፥ ወላጆችም ለልጆቻቸው ቢነግሩ ሥራው የእነርሱም የእኛም ነው።

ያቺ ልጅ ለጠየቀችን ጥያቄ እነሆ መልሳችን። ስድስቱን ዓመት የሰወርነው ከፍርሃት የተነሣ ነው፤ ክብር ብለን የጠራነውም ፍርሃታችንን ነው። ወረቀቱ ዳግመኛ ቢሰጠን ከትውልዳቸውና ከሥራቸው አንዲት ቃል አንቀንስም፤ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በፊት ግን ይህን እንጨምራለን፤ «በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት አእምሯቸው ስለ ደከመ የበኵር ልጃቸው ሌሊትና ቀን ደግፋ አኖረቻቸው፤ ስሟን የረሱ ቢሆኑም እጇን ሲይዙ ይረጉ ነበር።»